ሁለት ሥዕል አንድ ሲሆን፦ በስቴሪዮ ስላይድ ትርዒት መካከል ስለሚደረግ ማስተካከል



የዝግጅቱ ኮሚቴ ከእራት በኋላ የሚቀርበውን የስላይድ ትርዒት እንድመራ ሲጠይቀኝ፣ ማሽኑ ከመብራቱ በፊት ሩብ ሰዓት እንድናገር ፈቃድ ለምኜ ነበር። ፈቀዱልኝ፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናያቸው ሥዕሎች ተራ ስላይዶች አይደሉም፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዱ ለግራ ዓይን፣ ሌላው ለቀኝ ዓይን የተነሣ። ያነሷቸው መምህራችን በሕይወት የሉም። ባለቤታቸው ግን ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። በሥዕሎቹ ላይ የምናያቸው የመስክ ጉዞ ተማሪዎች ደግሞ አንዳንዶቻችሁ እዚህ አላችሁ፤ አንዳንዶቹ ከእኛ ተለይተዋል። ነገሩ በደንብ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የጂኦሎጂና የጂኦግራፊ ሰዎች ይህን ጉዳይ በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የአየር ፎቶግራፍ ሁለት ሁለቱን አድርገን፣ ስቴሪዮስኮፑን ደፍተን ስናይ፣ ጠፍጣፋው ወረቀት ላይ ተራራው ብድግ የሚልበትን ደቂቃ ማን ይረሳል? ተከታታይ ፎቶዎቹ 60 በመቶ ያህል ስለሚደራረቡ አንዱን ኮረብታ ከሁለት ቦታ እናየዋለን፤ ጥልቀቱን የሚሠራው አእምሯችን ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 እ.ኤ.አ. መስታወት ባለው መሣሪያ አሳይቷል። የመሣሪያው ችግር ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ እንዲያይ ሁለት ፕሮጀክተር፣ ሁለት ፖላራይዘር፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች አንድ መነጽር ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ፕሮጀክተር ሌንስ ፊት ፖላራይዘር ተደርጓል፤ የአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። መነጽራችሁም እንደዚያው ስለሆነ ግራ ዓይናችሁ የግራውን ሥዕል ብቻ፣ ቀኙም የቀኙን ብቻ ያያል። ስክሪኑ የብር ቀለም የተቀባ መሆን አለበት። ነጭ ግድግዳ ወይም አንሶላ ብርሃኑን በትኖ ያደባልቀዋል፤ ሁለቱም ዓይኖች ሁለቱንም ሥዕል ያያሉ። ፖላራይዘሮቹ ከግማሽ በላይ ብርሃን ስለሚውጡ ሥዕሉ ትንሽ ጨለም ይላል፤ ዓይናችሁ ይለምደዋል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ አንገታችሁን ወደ ጎረቤታችሁ አታዘንብሉ። ጭንቅላት ሲዘነብል መነጽሩም ስለሚዘነብል የአንዱ ሥዕል ጥላ በሌላው ላይ ይታያል። የድሮ ሐሜት ያላችሁ እስከ ቡና ሰዓት አቆዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መነጽሩን አውልቃችሁ ስክሪኑን ብታዩ ሥዕሉ ድርብርብ ሆኖ ይታያችኋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ጎን ለጎን መለያየት ጥልቀት ነው። ላይና ታች መለያየት ግን ስህተት ነው። ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። ሁለት ዓይኖቻችን ቅርብና ሩቅ ለማየት ዕድሜ ልካቸውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲዞሩ ኖረዋል። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እንዲያይ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ስንጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ይታገላሉ፤ ከዚያ ራስ ምታት ይመጣል። ተመልካቹም ጨዋ ነው፣ አይጮኽብንም። ዝም ብሎ መነጽሩን ያወልቅና «ይህ ነገር ለእኔ ዓይን አይሆንም» ብሎ ይቀመጣል። ጥፋቱ የዓይኑ ሳይሆን፣ ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው።

እነዚህን ስላይዶች መምህራችን በካርቶን ፍሬም ውስጥ በእጃቸው ነው ያስገቧቸው። በእጅ ሥራ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ መዛነፍ ምንም አይደለም። ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ 50 እጥፍ ሲያድግ ግን ያች መዛነፍ 5 ሚሊሜትር ትሆናለች። ፕሮጀክተሮቹ ምንም ያህል በሚገባ ቢገጣጠሙ ከስላይድ ወደ ስላይድ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በትርዒት መካከል ማስተካከል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እኔ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት መስቀለኛ መስመር ያለባቸውን ሁለት የመሞከሪያ ስላይዶች አስገብቼ ሁለቱን መስቀሎች አጋጥማለሁ። ያንን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ፤ «ቤት» እለዋለሁ። ትርዒቱ ከተጀመረ በኋላ የግራውን ፕሮጀክተር አልነካም። የምነካው ቀኙን ብቻ ነው። ሁለቱንም የሚነካካ ሰው የት እንደነበረ ይጠፋበታል።

አዲስ ስላይድ ሲወድቅ መነጽሬን ለአፍታ ዝቅ አድርጌ አግድም የሆነ ነገር እፈልጋለሁ፦ የጣሪያ ጠርዝ፣ የአድማስ መስመር፣ የሰው ትከሻ። አግድሙ መስመር ድርብ ከሆነ ከፍታው ተዛንፏል። የቀኙን ፕሮጀክተር የፊት እግር ብሎን በትንሹ እያዞርሁ አስተካክላለሁ። ይህ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰከንዶች ማለቅ አለበት። ቆይቼ ካስተካከልሁ ግን የተመልካቹ ዓይን ታግሎ ከስህተቱ ጋር ተላምዷል፤ ያኔ ማረሙ ራሱ ሁለተኛ ሕመም ይሆናል። ከዘገየሁ ብሎኑን በጣም በዝግታ አዞራለሁ።

ሥዕሉ አልፎ ጨለማ ሲሆን ወደ ምልክቱ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይህን የሚረሳ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለችውን ይሆናል፤ የተዛነፈውን አንድ ስላይድ ያዳነበት ማስተካከያ ቀጥሎ የሚመጣውን ደህናውን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው የጎን ማስተካከያ ነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከአፋፉ ሆነው ያነሡትን ታያላችሁ። በተራ ፎቶግራፍ መስቀሉ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስላል። በጥንድ ስላይድ ግን ጉድጓዱ እግራችሁ ሥር ይከፈታል። የአፋፉ ድንጋይ ለካሜራው ቅርብ ስለሆነ ከስክሪኑ ወዲህ ወጥቶ በሥዕሉ ጠርዝ ይቆረጣል፤ ዓይንም ይረበሻል። የቀኙን ሥዕል ወደ ቀኝ ብገፋው ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይሄድልኛል። ነገር ግን ቅርቡ ሲገፋ ሩቁም አብሮ ይገፋል። የሰው ሁለት ዓይን ርቀት በአማካይ ከ6 ሴንቲሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፤ የሩቁ ተራራ ሁለት ምስል በስክሪኑ ላይ ከዚያ በላይ ከተራራቀ ዓይኖቻችን ወደ ውጭ እንዲፈነገሉ እንጠይቃቸዋለን። ስለዚህ ከትርዒቱ በፊት በማስመሪያ እለካለሁ። ካልቻልሁ ድንጋዩ ቢቆረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ አንዱ ስላይድ በፍሬሙ ውስጥ ዞሮ ከተቀመጠ ፕሮጀክተሩ ምንም አያድነውም፤ አንዱን ጥግ ስታስተካክል ሌላው ጥግ ይበላሻል። እንዲህ ዓይነቱን ከቀኙ ሌንስ ፊት ካርቶን ጣል አድርጌ ጠፍጣፋውን ብቻ አሳያለሁ። ጠፍጣፋ ሥዕል ማንንም አሞ አያውቅም።

አራተኛ፣ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው የገቡ ካሉ ሩቁ ቅርብ፣ ቅርቡ ሩቅ ይሆናል፤ ተራራው ጉድጓድ፣ አፍንጫ ስርጉድ። ያን ጊዜ አትደንግጡ። «መነጽራችሁን ላዩን ታች አድርጉ» እላችኋለሁ። መነጽሩ ሲገለበጥ ለግራ የነበረው ለቀኝ ይሆንና ነገሩ ይስተካከላል። ለአንድ ስላይድ ይበቃል፤ አዳራሹም ይስቃል።

በመጨረሻም ሙቀት አለ። የካርቶን ስላይድ የአምፖሉ ሙቀት ሲነካው ይጎብጥና ሥዕሉ ድንገት ይደበዝዛል። ሌንሱን እያሯሯጥሁ አልከተለውም፤ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ አንድ ጊዜ አስተካክዬ እተወዋለሁ። አንዱ ሥዕል ትንሽ ቢደበዝዝ ዓይን ይታገሳል፤ የከፍታ መዛነፍን ግን አይታገስም። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት በዚህ ነው።

«ይህን ሁሉ ለምን ታስጨንቀናለህ?» የሚል ይኖራል። ስላይዶቹ ኮዳክሮም ናቸው። ኮዳክሮም በጨለማ ሣጥን ውስጥ ቀለሙን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይይዛል፤ በፕሮጀክተር መብራት ፊት ግን ከሌሎች ፊልሞች ፈጥኖ ይደበዝዛል። ማሽኑ ጋ ሆኜ ስንዘባዘብ የሚያልፈው ደቂቃ ከመምህራችን ሥዕል ላይ ነው የሚቀነሰው። ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራት ያቆመው በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ኮዳክሮምን ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ምትክ የለንም። ዛሬ እያንዳንዱን ጥንድ ከ15 ሰከንድ በላይ አላቆይም። «መልሰው» ብትሉኝም አልመልስም፤ ቅር አይበላችሁ።

ለአሁኑ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በየትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆዩ ስላይዶችና የአየር ፎቶግራፎች ይኖራሉ። ቦታ ሲጠብ የሚመጣው ሐሳብ «ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ይበቃል» የሚል ነው። አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱን የጣለ ሰው ገደሉን፣ ሸለቆውን፣ በተማሪውና ከኋላው ባለው አለት መካከል ያለውን አየር ነው የጣለው። ስካን ስታደርጉም ሁለቱን በአንድ አቀማመጥ፣ በአንድ መጠን አድርጉ፤ «ግራ» እና «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉበት። ኮምፒዩተር ዛሬ የከፍታውን መዛነፍም ሆነ የዞረውን ስላይድ እኔ በብሎን ከማደርገው በተሻለ ያስተካክላል። የጠፋውን ጥንድ ግን አይመልስም።

እትዬ፣ እርስዎ ያመጡልን ሣጥን ከነገ ጀምሮ ስካን ይደረጋል፤ ስላይዶቹም ጥንዳቸው ሳይለያይ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ዛሬ ማታ ዓይንዎን አንዳች ነገር ከቆረቆረዎ እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።

መነጽሮቹ በየወንበሩ ላይ ናቸው። እባካችሁ መብራቱን አጥፉልን።