በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሸክላ ስለ ተሣለ የሰፈር ታሪክ



በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝቦን አልፋማ የሚባል ጥንታዊ ሰፈር አለ። በዚያም ከታጁ ወንዝ በላይ በኮረብታ ላይ የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። በውጭ ግድግዳዋ የከተማው የቀድሞ ታሪክ በሁለት ሰማያዊ ሥዕሎች ይታያል፤ ሥዕሎቹም በእሳት በተተኰሰ ሸክላ ላይ ናቸው። የአገሩ ሰዎች ይህን ሸክላ አዙሌዡ ይሉታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሸክላው አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ቆርቆሮ ያለበት ነጭ ውሕድ ይለበሳል፤ ሠዓሊውም ባልተተኰሰው ልባስ ላይ ይሥላል። ልባሱ ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋልና የሳተ መስመር በቀላሉ አይፋቅም። ዳግመኛ እሳት ሲገባ ልባሱ እንደ መስተዋት ቀልጦ ቀለሙን ይይዘዋል። የቅድስት ሉቺያን ሥዕሎች የሣለ አንቶንዮ ኳረዝማ ነው፤ የተሠሩትም በ1849 በተመሠረተው በቪዩቫ ላሜጉ ፋብሪካ ነው፤ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)።

አንደኛው ሥዕል በወንዙ ዳር የነበረውን የቤተ መንግሥት አደባባይ ያሳያል። ይህች ከተማ በ1514 የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ የደረሰባት ናት። በኅዳር 1 ቀን 1755፥ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲከበር፥ ሕዝቡም ለቅዳሴ ተሰብስቦ ሳለ፥ ምድር ተናወጠች፤ ከዚያም የባሕር ማዕበልና የእሳት ቃጠሎ ተከተለ። ቤተ መንግሥቱም ጠፋ። በስፍራው ለተሠራው አዲስ አደባባይ የንግድ አደባባይ የሚል ስም ወጣለት፤ የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ሥዕሉ ለዚህ ስም ምስክር ነውና እጅግ የሚመሰገን ነው።

ሁለተኛው ሥዕል ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ1147 ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪከሽ ከሰሜን አገር ከመጡ የመስቀል ጦረኞች ጋር ከተማውን ከእስላሞች እጅ ሲይዝ ያሳያል። ማርቲም ሞኒዝ የሚባል ጦረኛ የምሽጉ በር እንዳይዘጋ በገዛ ሥጋው እንደ ገታው በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ እርሱም በዚያ ተሥሏል። ነገር ግን የተሸነፉት ሰዎች የራሳቸው ታሪክ በግድግዳው ላይ የለም። የሰፈሩ ስም አልፋማ ራሱ ፍል ውሃ ከሚል የዐረብ ቃል የመጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ በእስላሞች አገዛዝ ሥር ሃይማኖታቸውን ጠብቀው የኖሩ ክርስቲያኖች በከተማው ነበሩ፤ ጳጳስም ነበራቸው። ከሠራዊቱ ጋር የነበረ አንድ ሰው በጻፈው መልእክት እንደሚገኝ፥ ከተማይቱ በውል እጅዋን ከሰጠች በኋላ ጦረኞቹ ለዝርፊያ ገቡ፤ ያን ሽማግሌ ጳጳስም አንገቱን ቈርጠው ገደሉት። ይህ በሸክላው ላይ አልተሣለም።