ከውኃ በላይ የሚታይ ምልክት



በዘመሮ ደጋ ጉም ሲወርድ እረኛ ጓደኛውን የሚፈልገው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ባሕር ላይም ከማዕበል መካከል ብቅ ያለ የሰው ራስ ከጀልባ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ጠላቂ ዋናተኛ የምልክት መሣሪያውን እንደ አየር ጋኑ ተጠንቅቆ መምረጥ ይገባዋል።

ፊሽካ ርካሽ ነው፤ ከሰው ጩኸትም ርቆ ይሰማል፤ ሆኖም የጀልባ ሞተር ሲያጓራ ይዋጣል። በጋኑ አየር የሚነፋው ጥሩምባ ይበልጣል፤ ጋኑ ባዶ ከሆነ ግን ድዳ ነው። መስተዋት ፀሐይን ይሻል፤ የእጅ ባትሪ ለሌሊት ነው። ተነፍቶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ብርቱካናማ ቱቦ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል።

መቼ ይነፋ የሚለውም ከምርጫው አያንስም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ጠረፍ ባሕር ላይ ሲያርፍ፥ ከ175ቱ ሰዎች የተረፉት 50 ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቹ ተሳፋሪዎች የሕይወት ማዳኛ ሰደርያቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለ ነበረ፥ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያ አንሥቶ መውጫ አሳጣቸው። ለእርዳታ ፈጥነው ከደረሱት መካከል ለመዝናናት የመጡ ጠላቂዎች ይገኙ ነበር።

ጠላቂም ቱቦውን ከሥር ሆኖ ሲነፋ ገመዱ እንዳልተጠመጠመበት አስቀድሞ ይመልከት። ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የተጎተተ ሰው ሳምባው ሊቀደድ ይችላል።