ጎጆው ለዶሮዋ ይሠራ፦ በጥቂት ገንዘብ የመጀመሪያውን የዶሮ ቤት ስለ መሥራት

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ ከመስኖውና ከንጹሕ መጠጥ ውኃው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለ ዶሮ ቤት ነው። ነገር ግን ጌታችን ለኢየሩሳሌም ያለውን ርኅራኄ ሲገልጥ፣ ጫጩቶችዋን በክንፎችዋ ሥር በምትሰበስብ ዶሮ መስሎ መናገሩን እናስታውሳለንና ትንሽ ነው ብለን አንናቀው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረንም እርሱ ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚህ ትምህርት ላይ የቆመ ነው፤ እኛ ሳናሰላ ሠርተን አፍረናልና።

ከስሕተታችን እንጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ አጥቢያ ለሚኖሩ ችግረኛ እናቶች የጋራ የዶሮ እርባታ ለማቋቋም ተነሣን። የተገኘው ገንዘብ ጥቂት ነበር። እኛም ከአጥቢያው ኮሚቴ ጋር ተስማምተን ሐሳባችንን ሁሉ በሕንፃው ላይ አደረግን። ግድግዳው በብሎኬት ተሠራ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ በሩ ቀለም ተቀባ፤ ከበሩም በላይ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቀለ። ብርድና ሌባ እንዳይገባ በማለት አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ተውን። ቤቱ በጸሎት ተመረቀ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን።

በዚያን ቀን ከገንዘቡ የቀረው ለዶሮዎቹ መግዣ ብቻ ነበር። ለመኖም፣ ለክትባትም የተያዘ ነገር አልነበረም። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ከገበያ፣ ከልዩ ልዩ ሰው እጅ የተገዙ 30 ዶሮዎች አስገባን። በሁለተኛው ሳምንት አንዲቱ መብላት ተወች፤ አንገቷ ተጣመመ፤ ኩሷም አረንጓዴ ሆነ። ወሩ ሳያልቅ በቤቱ ውስጥ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ።

ተጠቃሚ ይሆናሉ ብለን ከመዘገብናቸው እናቶች አንዷ ባዶውን ቤት ተመልክተው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ቤቱ ለእናንተ ዓይን አማረ፤ ለዶሮዎቹ ግን መተንፈሻ አጣ። የብሎኬቱን ዋጋ ለእኔ ብትሰጡኝ ኖሮ በጭቃና በእንጨት ሠርቼ፣ በተረፈው እህል እገዛበት ነበር።» ይህን ቃል በዚያ ዓመት ሪፖርታችን ውስጥ አልጻፍነውም። ዛሬ ግን በእናንተ ፊት እንናገረዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ከዚህ ቃል የተማርነው ነውና።

ገንዘቡን በሦስት መክፈል

የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። በእጃችን ያለውን ገንዘብ፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ በሦስት እንከፍለዋለን። አንዱ እጅ ለቤቱ፣ ሁለተኛው ለዶሮዎቹና ለመመገቢያ ዕቃ፣ ሦስተኛው ለመኖና ለክትባት ይሆናል። ቤቱ ከአንድ እጅ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ የቤቱን መጠን እንቀንሳለን እንጂ ከመኖው አንነካም።

በምሳሌ እንመልከተው። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለጥቂት እናቶች መጀመሪያ 20 ቄቦች ይበቃሉ። የሦስት ወር ቄብ የተገዛች እንደ ሆነ እንቁላል ለመጣል ሁለት ወር ወይም ሁለት ወር ተኩል ያህል ይቀራታል። በዚህ ጊዜ አንዲት ቄብ በቀን 80 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ ሃያዎቹ 1.6 ኪሎ ግራም፣ በሁለት ወር ደግሞ ወደ አንድ ኩንታል ማለት ነው። ይህ ኩንታል ከአንዲት እንቁላል እንኳ ገቢ ሳይገኝ የሚበላ ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላ ለእያንዳንዳቸው በቀን 120 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ኮሚቴ ዶሮዎቹን ሊጥሉ ሲሉ ለመሸጥ ይገደዳል። ለእንቁላል ብቻ የሚያረባ ሰው አውራ ዶሮ መግዛትና መቀለብ እንደማያስፈልገውም እንወቅ፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ማስፈልፈል ስንሻ ነው።

ቤቱ

ለ20 ዶሮዎች ስፋቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ማለት ነው። ቁመቱ በፊት 2 ሜትር፣ በኋላ ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጣሪያው ውኃውን ወደ ኋላ እንዲያፈስስ፣ ጠራጊውም ቆሞ እንዲሠራ። ከዚህ ያነሰ ቁመት ያለው ቤት ሳይጠረግ ይቀራል።

ቦታው ውኃ የማይተኛበት፣ ጥቂት ተዳፋት ያለው ይሁን። ወለሉን ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርገን እንደለድላለን፤ ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ እንቆፍራለን። ለቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃል፤ ምስጥ እንዳይበላው በመሬት ውስጥ የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይጠቅማል።

ግድግዳው እስከ አንድ ክንድ ድረስ በድንጋይና በጭቃ ይሠራ። ከዚያ በላይ ነፋስ የሚመጣበት ወገን እስከ ላይ በጭቃ ይመረግ፤ ሌላው ወገን ግን በሽቦ ወንፊት ብቻ ይሸፈን። ዶሮን የሚገድላት ላይዋ ላይ የሚነፍሰው ብርድና እርጥበት ነው፤ ንጹሕ አየር ግን ሕይወቷ ነው። አየር በማይገባበት ቤት ኩሱ እርጥበት ይዞ የሚቆጠቁጥ ሽታ ያወጣል፤ ሽታውም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ለበሽታም በር ይከፍታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ማለዳ ወደ ቤቱ ገብታችሁ በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ጎንበስ በሉ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ቤቱ ይክፈት እያለ ነው። ለደጋው ብርድ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጆንያ መስቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ከጆንያው በላይ አንድ ስንዝር ክፍት ይተው።

ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ ከሥርም ይቆፍራል። ስለዚህ የመሠረቱ ድንጋይ ወደ መሬት ይግባ፤ በሽቦውና በእንጨቱ መካከል ክፍተት አይኑር፤ በሩም በማታ ይቆለፍ። በገንዘብ ማነስ ምክንያት ልንቆጥብባቸው የማይገቡን ሁለት ነገሮች ሽቦውና ቁልፉ ናቸው።

በውስጡ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። ዶሮ ሌሊት ከፍ ብላ ማደር ትወዳለችና ሁለት የማደሪያ ቆጦች፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር፣ በእኩል ከፍታ ይሠሩ፤ ከፍታቸው ከተበላለጠ ሁሉም ከላይኛው ለማደር ይጣላሉ። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ይበቃታል። ለአምስት ዶሮዎች አንድ የመጣያ ሣጥን፣ በጠቅላላው አራት፣ ጨለም ባለው ወገን ይቀመጥ። በወለሉ ላይ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፍ፤ በየሳምንቱ ይገላበጥ፤ የረጠበው ወዲያው ይውጣ። ከዚያ የሚወጣው ፍግ ለጓሮ አትክልት ታላቅ ሀብት ነው። መመገቢያውን ከተሰነጠቀ ጀሪካን ቆርጦ መሥራት ይቻላል። የጭቃው ስንጥቅ ቅንቅን የሚደበቅበት ስለሆነ ተለስኖ በኖራ ይቀባ፤ አመድ የሞላበት ሣጥንም ይቀመጥላቸው፤ በእርሱ እየተንከባለሉ ራሳቸውን ያጸዳሉ።

የጎረቤት ዶሮ አጥራችን ነው

ዶሮዎቻችንን የፈጀው ፈንግል ነበር። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥም አለ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ስለሆነና ከተከፈተ በኋላ ስለማይቆይ፣ የአንድ ቤት ሰው ብቻውን ቢጠይቅ ባለሙያው ይቸገራል። እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤ የሚሠራው ሥራ አለ። ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቁረጥ፤ ካህናቱም ከቅዳሴ በኋላ ያስታውቁ፤ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ በአንድ ቀን ይከተብ። የጎረቤታችን ዶሮ ካልተከተበች የእኛ አጥር ፈርሷል። አዲስ የሚገዛ ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀል።

ሥራውን ከአጽዋማት ጋር ማስማማት

እኛ ዶሮዎቹን ያስገባነው ሰው ሁሉ ዶሮ በሚገዛበት፣ ዋጋውም በሽታውም በሚበዛበት በፋሲካ ዋዜማ ነበር። አሁን የምንከተለው ሥርዓት ይህ ነው። በኅዳር፣ ጭድ በሚገኝበትና ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ቤቱ ይሠራል። በታኅሣሥ ጭቃው ይደርቃል፤ በእርጥብ ቤት ዶሮ አይገባም። ከጥምቀት በኋላ የሦስት ወር ቄቦች ይገዛሉ። ዐቢይ ጾም የእንቁላል ፈላጊ የሚያንስበት ወቅት ነው፤ ቄቦቹም በዚያ ጊዜ ገና በማደግ ላይ ናቸው። ፋሲካ ሲደርስ መጣል ይጀምራሉ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ኀምሳ ቀናትም ይከተላሉ። መጀመሪያ የሚገባው ገቢ በዚህ መንገድ የመኖውን ዕዳ ይከፍላል።

ከሚሰበሰበው እንቁላል ሁሉ ግን ለገበያ አይውጣ። ገና ለጾም ያልደረሱ ሕፃናት በየቤቱ አሉ። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሳምንት ጥቂት እንቁላል እንዲቀርለት በመተዳደሪያችሁ ጻፉት።

በመጨረሻም

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ከሁሉም ይልቅ በተጠቃሚዎቹ ጓሮ ይሠራ። የጋራ ቤት በምርቃቱ ቀን የሁሉም ነው፤ ኩሱ በሚጠረግበት ቀን ግን የማንም አይደለም። ከዚያ ውድቀት በኋላ በዚያው አጥቢያ በየጓሮው ሰባት ትንንሽ ቤቶች ተሠሩ። ሁለቱ አልዘለቁም፤ በአንዱ ሸለምጥማጥ ገባ፤ በሌላው መኖ አለቀ። አምስቱ ግን ቆመዋል። ከአምስቱ አንዱ የእኚያ የገሠጹን እናት ነው። ሰሌዳ የለውም፤ ቀለምም አልተቀባም። ስንጎበኛቸው «አሁን ለዶሮዋ ተሠራ» ብለው ሁለት እንቁላል ቀቅለው አቀረቡልን።

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፤ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ አንድ ድንጋይ ከማንሣታችሁ በፊት ኮሚቴውን ሰብስቡ። አንድ ወረቀት በሦስት ክፈሉ፤ ቤት፣ ዶሮ፣ መኖና ክትባት ብላችሁ ጻፉ። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ከሆነ አትጀምሩ፤ ከ20 ወደ 10 ዶሮ ቀንሱና ደግማችሁ አስሉ። አሥር በሕይወት ያሉ ዶሮዎች ከአንድ ከተመረቀ ባዶ ቤት ይሻላሉ።

የሥራችንን መጀመሪያና ፍጻሜ እግዚአብሔር ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።