ስለ ጤፍ አበባና ስለ ዘር ምርጫ የተነገረ ንግግር



በቁይ አገር ጤፍን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን አንዲት ቅንጣት እንዴት አድርጋ ብዙ ቅንጣት እንደምትሆን ሕፃን ቢጠይቀን፤ ሁላችን እኩል አንመልስም። ይህነን ማወቅ ይጠቅማል፤ የመጪው ዓመት እንጀራ ዘንድሮ በምንመርጠው ዘር ነውና።

የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ናት፤ 150 ያህሉ ተሰብስቦ የአንዲት ስንዴ ክብደት ነው። በውስጧ ያለችው ጽንስ ርጥበት ባገኘች ጊዜ ሥሯን ወደ ታች፤ ቡቃያዋን ወደ ላይ ትሰዳለች። ቅጠሏ ፀሐይ እስኪያይ ድረስ የምትመገበው እናቷ ያስያዘቻትን ስንቅ ብቻ ነው። ስንቁም ጥቂት ነውና፤ በጥልቅ የተቀበረች እንደ ሆነ ከመንገድ ትቀራለች። አባቶቻችን ማሳውን በከብት አስረግጠው ጤፉን በላይ በላዩ መዝራታቸው መልካም ብልሃት ነው። ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ግን በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከአየርና ከውሃ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል።

ጊዜው ሲደርስ ያብባል። በቆሎ ወንዴውን አበባ በራሱ ላይ፤ ሴቴውን በጎኑ ይዞ፤ የአበባውን ዱቄት ለነፋስ ይሰጣል፤ ስለዚህ የጎረቤት ዘር ይቀላቀልበታል። ጤፍ ግን ወንዴውንና ሴቴውን በአንዲት አበባ ውስጥ ይዟል፤ የገዛ ዱቄቱ ሴቴውን ያጸንሳል፤ ልጁም እናቱን ይመስላል።

ይህች አበባ በማለዳ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ እንደምትከፈት ዶክተር ታረቀ በርሄ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ደረሱበት። ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንትም ንጣቱ የተወደደውን ዘር ምርቱ ከበዛው ጋር አዳቅለው፤ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለውን ጤፍ ለገበሬ አወጡ።

እኛስ ምን እናድርግ? በአገር ጤፍ ማሳ ውስጥ ልዩ ልዩ ዘር ተቀላቅሎ ይገኛል። ከአውድማ ክምር ዘር የሚያፍስ ሰው ብርቱውን ከደካማው ሊለይ አይችልም። ስለዚህ አጨዳ ሳይደርስ ልጆችን ወደ ማሳ ውሰዱ። ሳይተኛ የቆመውን፤ ዛላው የሞላውን ከመካከል ይምረጡ፤ ከዳር አይምረጡ። የዳሩ ጤፍ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ይፋፋል፤ ለልጁ ግን ቦታውን አያወርስም። የተመረጠው ለብቻው ይወቃ፤ ለብቻው ይቀመጥ፤ በሐምሌም በአንዲት መደብ ለብቻው ይዘራ። ልጆቹ ያንን ከሌላው ጋር አስተያይተው ባዩ ጊዜ፤ ትምህርቱን ከእኛ ቃል ይልቅ ከማሳው ያገኙታል።