ስለ ወይራ ዛፍ አስተዳደግ የተደረገ ንግግር



ወይራን የማያውቅ ሰው የለም። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በጭሱ ይታጠናል፤ ጥርስ በቀንበጡ ይፋቃል፤ ሽማግሌም በበትሩ ይመረኰዛል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው ተቈርጦ የመጣውን ወይራ ነው፤ እንዴት እንደሚበቅል ያስተዋለው ጥቂት ነው።

ወይራ በደረቁ የደጋና የወይና ደጋ ደን የሚኖር፥ ያገር ተወላጅ የሆነ ዛፍ ነው። ቅጠሉ በላይ አረንጓዴ፥ በስሩ ቡናማ ነው። በውጭ አገር ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ ከዚሁ ወገን ነው፤ የኢትዮጵያው ግን ፍሬው ትንሽ፥ ሥጋውም ስስ ነው።

ፍሬው ሲበስል ይጠቍራል፤ ወፎችም በልተው ዘሩን በቍጥቋጦ ውስጥ ይጥሉታል። ቡቃያው በቍጥቋጦው ጥላ ከፀሐይና ከፍየል ጥርስ ተሰውሮ ያድጋል። ቍጥቋጦው ተመንጥሮ ከብት ሲሰማራበት ግን በልጅነቱ ይጠፋል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ አሮጌው ወይራ ቆሞ ይታያል፤ ልጅ ግን የለውም። እርሱ የወደቀ ቀን ዘሩ ከዚያ ስፍራ ይጠፋል።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያለው ሀና ማርያም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የማገዶና የቤት እንጨት ፍላጎት በዙሪያዋ ያለውን ደን አሳሳው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቦታውን ያዘ፤ ወይራ ግን የሚተከለው ለልጅ ልጅ ነው። ቀድሞ እርሻ የነበረው የሀና ማርያም መሬትም ዛሬ ቤት ሞልቶበታል። ቍጥቋጦ በሌለበት ስፍራ ለያገሩ ዛፍ የሚቀረው መጠጊያ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድና የትምህርት ቤት ግቢ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋራ የበሰለውን ፍሬ ይልቀም፤ ሥጋውንም አጥቦ ያስወግድ። የዘሩ ቅርፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነውና ውስጡ ሳይጐዳ በቀስታ ይሰንጠቅ፥ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ቀን ይዘፍዘፍ። መብቀሉ ስለሚዘገይ ተማሪው ተስፋ አይቍረጥ። ችግኙ በክረምት መግቢያ ይተከል፤ እሾህም ይታጠርበት።

ሽማግሎችም ከአሮጌው ወይራ ሥር ያለው ቍጥቋጦ እንዳይመነጠር፥ ከብትም እንዳይገባበት መክረው ይወስኑ። ጋን ለማጠን ቅርንጫፍ ይበቃልና ግንዱ ይቅር።