ኦዞኑ ታርጋ አያይም!

(በአንድ የሕዝብ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



ሜክሲኮ አደባባይ ቆማችሁ ሚኒባስ የምትጠብቁ ሁሉ የዚያችን አገር ስም በየቀኑ ትጠራላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዋና ከተማዋ አየር ነው። ሜክሲኮ ሲቲ እንደኛው በሐሩር ክልል፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተራራ ታጥራ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዲስ አበባ እንዲያውም ትበልጣታለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር፣ በተለይ አሮጌው፣ ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም። ያልተቃጠለው ትነት ከማርሚታ ከሚወጣው የናይትሮጅን ጋዝ ጋር ሆኖ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይሆናል። ሰማይ ላይ ጋሻችን የሚባለው ኦዞን እኮ፣ መሬት ላይ ሲፈጠር ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው!

ታዲያ የሜክሲኮ መንግሥት ምን አደረገ? በ1989 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጠራው) እያንዳንዱ መኪና እንደ ታርጋው መጨረሻ ቁጥር በሳምንት አንድ ቀን እንዳይነዳ አዘዘ። ባለገንዘቡ ምን ቸገረው? ሌላ ታርጋ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዛ፤ ያውም አሮጌና ጭሳም! ሉካስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር የመለኪያዎቹን መዝገብ አገላብጦ በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ በእገዳው የተነሳ አየሩ ለመሻሻሉ ማስረጃ አጣ። መኪና የሌለው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ጭሱን መማጉን ቀጠለ።

የበጀው ሌላ ነው። በ1991 በከተማዋ ውስጥ የነበረው ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ተዘጋ፤ እርሳስ ከቤንዚን እየወጣ ሄደ፤ አዳዲስ መኪኖች ጋዙን የሚያጣራ ካታሊቲክ ኮንቨርተር እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። በ1995 ደግሞ ተመራማሪዎች ከማብሰያ ጋዝ የሚያፈተልከው ትነት ሳይቀር ኦዞን እንደሚያበዛ አሳዩ። ማን ጠርጥሮ?

ይህ ሁሉ የታወቀው ስለተለካና ቁጥሩ ለሕዝብ ስለተነገረ ነው። የኔም ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ በ2024 የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ታገደ፤ መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ መኪና ግን እገዳው አይነካውም። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት ያወጣልን የነበረውን የደቃቅ ብናኝ ልኬት በ2025 አቋረጠ። ስለ ሳንባችን ለማወቅ እስከ መቼ የሰው ኤምባሲ ደጅ እንጠና? አስተዳደሩ የኦዞኑንም የካርቦን ሞኖክሳይዱንም ልኬት በየማለዳው በሬዲዮ ያስነግር። በ2016 ኦዞኑ እንደገና ሲያሻቅብ የሜክሲኮ ሲቲ ነዋሪዎች በዕለቱ ተነግሯቸው፣ ልጆቻቸውን ደጅ እንዳያስሮጡ ተመክረዋል።