እውነት መናገር እንጀራ መዝጋት አይደለም



ዛሬ የምንነጋገረው አፍ አውጥቶ ለመናገር ስለሚያሳፍር ጉዳይ ነው። ቢያሳፍርም የልጆቻችን ጉዳይ ነውና አናልፈውም።

ከየገጠሩ ብዙ ሴቶች ልጆቻችን ለሥራ ይወጣሉ። በባቱ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ አካባቢ ወዳሉት የአበባ እርሻዎች የሚሄዱ አሉ። አበባ ይቆርጣሉ፤ ይለያሉ፤ ያሽጋሉ። ሠርተው ያድራሉ፤ ቤተሰብም ይረዳሉ።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። አንዲት ልጅ አበባ በሚለይበት ቤት ትሠራለች። አብሯት የሚሠራ አንድ ሰው ይለክፋታል። ነውር ቃል ይናገራታል። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሰውነቷን ይነካል። «ተው» ብትለው አልተወም። በመጨረሻ ለአለቃዋ ተናገረች። ነገሩ ተመረመረ። የሰውየውም ቃል ተሰማ፤ ያዩም መሰከሩ። ሰውየው ከሥራ ተሰናበተ።

አሁን ልጅቱ ያረፈች ይመስላል። እርሷ ግን አላረፈችም። ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ሰውየው ሚስትና ልጆች አሉት። «እንጀራውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ እንዴ? ችዬ ባልፈው ምን ነበረበት?» እያለች ራሷን ትከሳለች። ይባስ ብሎ ጎረቤት «የልጆቹን ጉሮሮ ዘጋሽ» ይላታል።

ይህ ጸጸት ከየት ይመጣል? አንደኛው ከርኅራኄ ነው። ልበ ደንዳና ብትሆን ኖሮ ስለ ሰውየው ልጆች አታስብም ነበር። ሁለተኛው ከይሉኝታ ነው። «ሴት ልጅ ቻይ ናት፤ ገመናዋን አታወጣም» ሲባል ሰምታ አድጋለች። ስለዚህ በተናገረች ጊዜ ጥፋት ባትሠራም ያጠፋች ይመስላታል።

ታዲያ ሸክሙን እንለየው። አንድ ሰው በሬውን ሆን ብሎ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ለቀቀ እንበል። ባለማሳው ጮኸ። ሽማግሌዎች መጥተው ጉዳቱን አዩ፤ ካሣም ፈረዱ። ባለበሬው ካሣውን ለመክፈል በጉን ሸጠ። በጉን ያሸጠው ማነው? የጮኸው ነው ወይስ በሬውን የለቀቀው?

የልጅቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሥራው የሰውየው ነው። ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ ነው። የእርሷ ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የደረሰባትን ሳትጨምር ሳትቀንስ መናገር ነው። ለልጆቹ ማዘን መልካም ነው። ማዘንና ጥፋተኛ መሆን ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞም ዝም ብትል ኖሮ ነገ ሌላዋ ልጅ ትነካ ይሆናል። እርሷም እናትና አባት አላት።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል። ክልከላው ለአለቃም ለሠራተኛም ነው። አንዲት ሠራተኛ የሥራ ባልደረባዋ እንደተናኮላት ለአሠሪው አመልክታ፣ አሠሪው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል በአንቀጽ 32 ተጽፏል። ካልተነገረው አሠሪው ምን ብሎ እርምጃ ይወስዳል? ስለዚህ መናገር ነገር መቆስቆስ አይደለም፤ የሕግ መንገድ ነው።

ጸጸቱ ግን በአንድ ቀን አይለቅም። ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ብቻን አለመሆን ነው። እናትም ትሁን እህት፣ ጓደኛም ትሁን፣ ምሥጢር ለሚጠብቅ ሰው የልብን ማውራት ሸክም ያቀላል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ይህ ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ መጻፍ ነው። ፊደል ለዚህም ይጠቅማል። ቀኑ መቼ ነበር? ምን አለ? ምን አደረገ? ማን አየ? ይህን በደብተር ማስፈር ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ገመናውን ለጸሐፊ ነግሮ ያስጽፋል። ፊደል የቆጠረች ግን በገዛ እጇ ትጽፋለች። ጽሑፉ ሲጠየቁ ለማስረዳት ይረዳል። ሰው «አጋንነሽ ነው» እያለ ልቧን ሲያወላውላትም፣ አውጥታ ታንብበው። የሰው ወሬ ይለዋወጣል፤ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቆያል።

ሦስተኛው የእኛ የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ ነው። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ልጅቱን «ቃልሽን አንሺ፤ ውሸቴን ነው በይ» ብሎ ለማስገደድ ሽማግሌ መላክ ሽምግልና አይደለም፤ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው። የሰውየው ልጆች ተርበው እንደሆነ ጎረቤት ተባብሮ እህል ይስፈርላቸው። ሰውየውም ጥፋቱን አምኖ፣ ሌላ ሥራ ፈልጎ፣ ልጆቹን ያሳድግ። የልጆቹ ቀለብ በተበደለችው ልጅ ዝምታ ሊከፈል አይገባም።

ልጃችን ከሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ብትመጣ፣ «ምን አድርገሽው ነው?» ብለን አንጀምር። «ደግ አደረግሽ ነገርሽን» እንበላት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ? እስኪጠራ ድረስ አጠገቧ እንቁም።

በዚህ ጉዳይ በየዕድራችንና በየማኅበራችን እንወያይበት። ሴቶች ልጆቻችን ይስሙ፤ ወንዶች ልጆቻችንም ይስሙ።